የሚቾአካን አገረ ገዥዎችና የወንበራቸው ኃይል

በአማርኛ ቋንቋ አገረ ገዥ ሲባል በሰሚው አሳብ የሚመጣው ከበላይ ተሹሞ ወደ ግዛቱ የሚወርድ ሹም ነው። በሜክሲኮ ሪፑብሊክ ግን ስሙ አንድ ሲሆን ነገሩ በሕግ ፊት ሌላ ነው። ከዋናው ከተማ በቀር ሪፑብሊኩ የቆመባቸው 31 ግዛቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሕገ መንግሥት፥ የራሳቸው ምክር ቤትና የራሳቸው ዳኞች አሏቸው፤ አገረ ገዥውንም የግዛቱ ሕዝብ በቀጥታ ድምፅ ሰጥቶ ይመርጠዋል። በ1917 ዓ.ም. በኬሬታሮ ከተማ የታወጀው የአገሪቱ ሕገ መንግሥት፥ ዛሬ እንደሚነበበው፥ አገረ ገዥ ከስድስት ዓመት የበለጠ እንዳይቀመጥ፥ አንድ ጊዜም በሕዝብ ድምፅ የተመረጠ ሰው ወደዚያው ወንበር ዳግመኛ እንዳይመለስ ይከለክላል። (በዚህ ጽሕፈት ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ሕጉ ይህ ነው። አገረ ገዥው በእውነት የማን ሰው እንደ ሆነ ግን፥ የመረጠው ሕዝብ ነው ወይስ በሜክሲኮ ከተማ የተቀመጠው ፕሬዚዳንት፥ ሕጉን በማንበብ ብቻ አይታወቅም። ይህን ለማወቅ የአንዲት ግዛት ታሪክ መመልከት ያስፈልጋል፤ ለዚህም ሚቾአካን የምትባለው ግዛት ትበቃለች።

ሚቾአካን ከሜክሲኮ ከተማ በስተ ምዕራብ እስከ ሰላማዊው ውቅያኖስ ዳርቻ ድረስ የተዘረጋች፥ ተራራዋና ሐይቋ የበዛ አገር ናት። በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ 4.7 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ተገኝቶባታል፤ በ113 ወረዳዎችም ተከፍላለች። የቀድሞ ባለ አገሮቿ ፑሬፔቻ የሚባሉት ሲሆኑ፥ እስፓኞች ከመምጣታቸው በፊት የአዝቴክ ነገሥታት ብዙ ጊዜ ወግተው ሊያስገብሯቸው ያልቻሉ ሕዝብ ናቸው። ዋናይቱ ከተማ በእስፓኝ ዘመን ቫያዶሊድ ትባል ነበር፤ በ1765 በዚያች ከተማ ተወልደው ስለ አገራቸው ነፃነት ሲዋጉ በ1815 ለተገደሉት ቄስ ለሆሴ ማሪያ ሞሬሎስ መታሰቢያ እንድትሆን በ1828 ስሟ ሞሬሊያ ተባለ። የአገረ ገዥው ቤተ መንግሥት በካቴድራሉ ፊት ለፊት ቆሞአል፤ አስቀድሞ የካህናት ትምህርት ቤት የነበረ የድንጋይ ሕንፃ ነው።

በዚያ የካህናት ትምህርት ቤት ከተማሩት ልጆች አንዱ ሜልቾር ኦካምፖ ነበሩ። ግዛቲቱም ዛሬ በሙሉ ስሟ ስትጠራ ሚቾአካን ደ ኦካምፖ የምትባለው በእርሳቸው ስም ነው። አንድ ግዛት በአገረ ገዥዋ ስም ስትጠራ ሰውየው ብዙ ዘመን የገዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ኦካምፖ በወንበሩ ላይ የቆዩበት ጊዜ ሁለቱ ጊዜ ተደምሮ እንኳ ጥቂት ነው። መጀመሪያ ከ1846 እስከ 1848 ገዙ፤ ይህም ሜክሲኮ ከአሜሪካ ኅብረት መንግሥታት ጋር የተዋጋችበትና ከግዛቷ ግማሽ ያህሉን ያጣችበት ዘመን ነው። ኦካምፖ ከግዛታቸው ወታደር አሰልፈው ላኩ፤ የሰላሙንም ውል ተቃወሙ። በዚያው በጦርነት ዓመት በ1847 ተዘግቶ የነበረውን የቅዱስ ኒቆላዎስን ኮሌጅ እንደ ገና አስከፈቱ። ሁለተኛ ጊዜ በ1852 ተመለሱና ዓመት ሳይሞላቸው በ1853 መጀመሪያ ለቀቁ፤ ጄኔራል ሳንታ አና ሥልጣን ሲይዙም ተሰደው ወደ ኒው ኦርሊንስ ሄዱ። በዚያም እንደ እርሳቸው የተሰደዱትን የኦአሃካን አገረ ገዥ የነበሩትን ቤኒቶ ሁዋሬዝን አገኙ። ከሁለት ግዛቶች የተባረሩ ሁለት አገረ ገዥዎች በባዕድ ከተማ ተቀምጠው ስለ አገራቸው ሕግ መምከራቸው ኋላ ብዙ ነገር ወለደ።

ኦካምፖን ከሌሎቹ የለያቸው ግን ከዚያ በፊት በ1851 ያነሡት ክርክር ነው። ባላገሩ ልጁን ለማስጠመቅ፥ ለመጋባት፥ ሬሳም ለመቅበር ለደብሩ ቄስ የሚከፍለው ገንዘብ ድኻውን ሰው በዕዳ ለባለ ርስት ጌታ እንዲታሰር ስለሚያደርገው፥ ይህ ክፍያ እንዲቀነስ ለግዛቲቱ ምክር ቤት ማመልከቻ አቀረቡ፤ ከአንድ ቄስም ጋር በታተመ ጽሑፍ ተከራከሩ። ሙግቱ በሃይማኖት ላይ ሳይሆን በክፍያው ልክ ላይ ነበር፤ ይሁን እንጂ በ1859 ከሁዋሬዝ ጋር ሆነው ላወጡት የተሐድሶ ሕግ መንገድ የጠረገ እርሱ ነው። በዚያው ሕግ ጋብቻ በመንግሥት ሹም ፊት እንዲደረግ ሲታዘዝ ለሙሽሮች የሚነበበውን ቃል የጻፉ ኦካምፖ ናቸው፤ ቃሉም ከመቶ ዓመት በላይ በሜክሲኮ ሰርግ ሁሉ ሲነበብ ኖሮአል። ስለ ሚስት የሚናገረው ክፍል ለዛሬ ጆሮ የሚከብድ ስለ ሆነ በዚህ ዘመን ብዙዎች ትተውታል። በታሪካቸው ላይም ነቀፌታ ያመጣባቸው አንድ ነገር አለ፤ በ1859 በታኅሣሥ ወር ከአሜሪካ መልእክተኛ ከማክሌን ጋር የፈረሙት ውል ለአሜሪካኖች በሜክሲኮ ምድር የመተላለፊያ መብት ለዘለዓለም የሚሰጥ ነበር። የአሜሪካ ሴናት በ1860 ውሉን ስላልተቀበለው ብቻ ሳይፈጸም ቀረ።

በ1861 ኦካምፖ ሥራቸውን ትተው በርስታቸው ሲኖሩ የወግ አጥባቂዎቹ ጦር መጥቶ ያዛቸው። ሰኔ 3 ቀን ቴፔሂ ዴል ሪዮ በተባለው ስፍራ በጥይት ተገደሉ፤ ሬሳቸውም በዛፍ ላይ ተሰቀለ። ከመገደላቸው በፊት ኑዛዜያቸውን በእጃቸው ሲጽፉ መጻሕፍታቸውን ለቅዱስ ኒቆላዎስ ኮሌጅ አወረሱ። ልባቸውም በዚያው ኮሌጅ ተጠብቆ ይኖራል።

ከኦካምፖ በኋላ የተከተለው ዘመን በሌላ መንፈስ የተመራ ነው። ጄኔራል ፖርፊርዮ ዲያዝ አገሪቱን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲገዙ ምርጫ የሚባለው ነገር በመዝገብ ላይ አልቀረም፤ ድምፅ ይሰጣል፥ ይቈጠራል፥ ውጤቱም ይታወጃል። ነገር ግን አገረ ገዥ የሚሆነው ዲያዝ የወደዱት ሰው ብቻ ነበር፤ እስከ ወደዱትም ድረስ ይቀመጣል። አሪስቴኦ መርካዶ የተባሉት አገረ ገዥ ከ1891 እስከ 1911 ሚቾአካንን ሃያ ዓመት ገዙ። ከቀድሞዎቹም ከኋለኞቹም በወንበሩ ላይ ይህን ያህል የቆየ ሰው ማግኘት ያስቸግራል፤ ይሁን እንጂ ስማቸውን የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው። በዘመናቸው የባቡር መንገድ ተሠራ፥ ንግድም ሰፋ፤ የፑሬፔቻ መንደሮች ጫካ ግን በረዥም ውል ለኩባንያዎች ተሰጠ፥ ባለ አገሩም በገዛ ተራራው ላይ የቀን ሠራተኛ ሆነ። በ1911 ዲያዝ በአብዮቱ ተሸንፈው ከአገር ሲወጡ መርካዶም በዚያው ወር ወንበራቸውን ለቀቁ። ከላይ የተሰቀለ ሹም የሰቀለው ገመድ ሲበጠስ የሚይዘው ነገር አልነበረም።

አብዮቱ ካለፈ በኋላ ሕዝቡን ደጋፊ አድርገው ለመግዛት የሞከሩት የመጀመሪያው ሰው ጄኔራል ፍራንሲስኮ ሙሂካ ናቸው። እኒህ ሰው በኬሬታሮ ሕገ መንግሥቱ ሲጻፍ የአርቃቂዎቹን ጉባኤ የመሩ ናቸው። በ1920 አገረ ገዥ ሆነው መሬት ለማካፈልና የሠራተኛውን ሕግ በሥራ ላይ ለማዋል ቢነሡ ባለ ርስቶቹ ጠሏቸው፤ ፕሬዚዳንት ኦብሬጎንም አልወደዷቸውም። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው በ1922 ወንበሩን ለመልቀቅ ተገደዱ። ስለዚህ ሕግ የጻፈ ሰው እንኳ ሕጉን በግዛቱ ለመፈጸም ኃይል አላገኘም።

የሙሂካን ውድቀት በቅርብ ሆነው ካዩት አንዱ ላሳሮ ካርዴናስ ነበሩ። በ1895 ሂኪልፓን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ፤ በ18 ዓመታቸው ወደ አብዮቱ ጦር ገብተው ጄኔራል ሆኑ። በ1928 በመስከረም ወር የሚቾአካን አገረ ገዥነት ሲይዙ፥ ሙሂካን የጣላቸው ደጋፊ ማጣት እንደ ሆነ ያወቁ ይመስላል፤ ምክንያቱም መሬት ከማካፈላቸው በፊት ሕዝቡን ማደራጀት ጀመሩ። በ1929 መጀመሪያ በፓጽኳሮ ከተማ ገበሬውን፥ ሠራተኛውንና አስተማሪውን ያሰባሰበ አንድ ታላቅ የሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ከዚህም በኋላ ከ140 ሺህ ሄክታር የሚበልጥ መሬት ለመንደሮች አካፈሉ፤ ባለ ርስቶች በርስታቸው ላይ ለሚኖሩት ልጆች ትምህርት ቤት እንዲከፍቱ አስገደዱ፤ በ1931ም በመርካዶ ዘመን ስለ ጫካ የተጻፈው ውል እንዲሰረዝ ሕግ አወጡ። በየመንደሩ እየዞሩ፥ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው የባላገሩን አቤቱታ ሲሰሙ መዋል ልማዳቸው ነበር፤ ይህንንም ልማድ እስከ ሽምግልና አልተዉትም።

በዚያ ጊዜ የግዛቲቱ ዘመነ ሥልጣን አራት ዓመት ብቻ ነበርና በ1932 ካርዴናስ ወንበሩን አስረከቡ። ቀጥለው የመጡት ጄኔራል ቤኒኞ ሴራቶ ከማኅበሩ ጋር ተጣሉ፤ የማኅበሩን ሰዎች ከሥራቸው እያስወጡ የቀድሞውን ሥራ ማፍረስ ጀመሩ። አራት ዓመት የተደከመበት ነገር በሁለት ዓመት ውስጥ ሊፈርስ ተቃረበ። በ1934 ታኅሣሥ 1 ቀን ካርዴናስ የሪፑብሊኩ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ሴራቶም በዚያው ሰሞን በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ።

እኒህ ፕሬዚዳንት ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደሉም። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ሜክሲኮ በመንግሥታት ማኅበር ተቃውሞዋን አሰምታለች፤ ብዙዎች ታላላቅ መንግሥታት ወረራውን ሲቀበሉም እርስዋ ሳትቀበል ቀርታለች። የሜክሲኮ አደባባይ በአዲስ አበባ የተሰየመው ስለዚህ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1954 ሜክሲኮን ጎብኝተዋል፤ በሜክሲኮ ከተማም እስከ ዛሬ ድረስ ኢትዮጵያ የሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ፥ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው።

ወደ ጉዳዩ እንመለስ። አገረ ገዥ ሆነው ከበላይ የሚመጣን ጫና የቀመሱት ካርዴናስ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ምን አደረጉ? በሕገ መንግሥቱ ውስጥ አንድ ልዩ ሥልጣን አለ፤ ሴናቱ በአንድ ግዛት ውስጥ የመንግሥት አካላት ጠፍተዋል ብሎ ሊያስታውቅ፥ በዚያም ጊዜ ጊዜያዊ አገረ ገዥ ሊያስቀምጥ ይችላል። ቃሉ እንደሚያመለክተው ይህ የተሰጠው ግዛቱ በእውነት ያለ መንግሥት ሲቀር እንዲሠራበት ነው። ነገር ግን ካርዴናስ ከቀድሞው ፕሬዚዳንት ከካዬስ ጋር በተጣሉ ጊዜ፥ በ1935 በታኅሣሥ ወር፥ ሴናቱ በሶኖራ፥ በሲናሎአ፥ በዱራንጎና በጉዋናሁዋቶ መንግሥት ጠፍቶአል ብሎ የካዬስን ወዳጆች የሆኑትን አገረ ገዥዎች ሻረ። አገረ ገዥዎቹ ግን በቤተ መንግሥታቸው ተቀምጠው ነበር። ካርዴናስ መሬት ለገበሬው ያካፈሉ፥ በ1938ም የነዳጁን ዘይት ለአገራቸው ያስመለሱ ታላቅ ሰው መሆናቸው አይካድም፤ ይሁን እንጂ አገረ ገዥው የፕሬዚዳንቱ ሰው መሆን አለበት የሚለውን ልማድ ያጠበቁትም እርሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ አንድ ፓርቲ፥ ከ1946 ጀምሮ በስፓኝ አጠራር ፕሪ የተባለው፥ አገሪቱን ሁሉ ለብዙ ዘመን ገዛ። ሜክሲኮዎች የዘመኑን የአሿሿም ልማድ ዴዳሶ ይሉታል፤ ፕሬዚዳንቱ በጣቱ ይጠቁማል፥ ፓርቲው ይቀበላል፥ ሕዝቡም ድምፅ ይሰጣል ማለት ነው። እስከ 1989 ድረስ ከዚህ ፓርቲ ውጭ የሆነ አንድ አገረ ገዥ እንኳ በሪፑብሊኩ ውስጥ በምርጫ አሸንፎ አልተቀመጠም፤ በዚያ ዓመት በባሃ ካሊፎርኒያ ኤርኔስቶ ሩፎ የመጀመሪያው ሆኑ። በሚቾአካን የካርዴናስ ቤት ከዚህ ልማድ ውጭ አልነበረም። የፕሬዚዳንቱ ወንድም ዳማሶ ካርዴናስ ከ1950 እስከ 1956፥ ልጃቸው ኩዋውቴሞክ ካርዴናስ ደግሞ ከ1980 እስከ 1986 አገረ ገዥ ሆኑ፤ ሁለቱም የፓርቲው ሰዎች ነበሩ።

ኩዋውቴሞክ ግን ዘመናቸውን ከጨረሱ በኋላ በፕሬዚዳንቱ ጣት መጠቆም አብቅቶ በምርጫ እንዲተካ ጠየቁ፤ ስላልተሰማቸው ፓርቲውን ትተው በ1988 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደሩ። በምርጫው ሌሊት ድምፁ የሚቈጠርበት መሣሪያ ተበላሸ ተባለ፤ በመጨረሻም የፓርቲው ዕጩ ሳሊናስ 50 በመቶ ያህል፥ ካርዴናስ 31 በመቶ ያህል አገኙ ተብሎ ታወጀ። የሚቾአካን ሕዝብ ግን ለቀድሞው አገረ ገዥው በብዛት ድምፅ ሰጥቶ ነበር። የዚህ ጠብ ዋጋ በግዛቲቱ ላይ ወረደ። በ1986 የተመረጡት ሉዊስ ማርቲኔስ ቪዪካኛ ዘመናቸውን ሳይጨርሱ በ1988 ተነሡ፤ በቦታቸውም ሌላ ሰው ተተካ። በ1992 ኤድዋርዶ ቪያሴኞር አሸነፉ ተብሎ በመስከረም ወር ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ ምርጫው ተጭበርብሮአል የሚለው ሕዝብ ግን አደባባዩን ስለ ሞላው ሦስት ሳምንት ብቻ ተቀምጠው ወንበሩን ትተው ሄዱ። ሕዝቡ ያስገባውን ሳይሆን ያስወጣውን አገረ ገዥ በዓይኑ ያየበት ዓመት ይህ ነው።

ተቃዋሚው ወገን በሚቾአካን ያሸነፈው ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በ2002 የፕሬዚዳንቱ የልጅ ልጅ ላሳሮ ካርዴናስ ባቴል አባታቸው ባቋቋሙት ፓርቲ ስም አገረ ገዥ ሆኑ። አሁን ምርጫው እውነተኛ ሆነ ማለት ይቻላል። ነገር ግን ድምፁ በትክክል በሚቈጠርበት ዘመን ሌላ ኃይል ተነሣ፤ ይኸውም በአደንዛዥ መድኃኒት ንግድ የበለጸገው፥ ከአቮካዶ ገበሬውና ከነጋዴው ግብር የሚቀበለው የወንበዴ ማኅበር ነው። በ2006 በታኅሣሥ ወር አዲሱ ፕሬዚዳንት ፌሊፔ ካልዴሮን በአገረ ገዥው ልመና በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሠራዊት ወደ ሚቾአካን ላኩ። ካልዴሮን ራሳቸው የሞሬሊያ ልጅ ናቸው፤ በ1995 ለዚሁ አገረ ገዥነት ተወዳድረው ተሸንፈው ነበር።

ሠራዊቱ በገባ በሁለተኛው ዓመት፥ በ2008 መስከረም 15 ቀን ሌሊት፥ አገረ ገዥው ሌኦኔል ጎዶይ እንደ ልማዱ በቤተ መንግሥቱ ሰገነት ሆነው የነፃነቱን ጩኸት ሲያሰሙ፥ በካቴድራሉ አጠገብ በሜልቾር ኦካምፖ አደባባይ በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል የእጅ ቦምብ ተወረወረ። ስምንት ሰዎች ሞቱ፥ ከመቶ በላይ ቈሰሉ። በሚቀጥለው ዓመት በግንቦት ወር የማዕከላዊው መንግሥት ፖሊስና ወታደር አሥር የወረዳ ሹማምንትንና ሌሎችን የግዛቲቱን ባለ ሥልጣኖች ከወንበዴ ጋር ተባብረዋል ብሎ በአንድ ቀን ያዘ፤ አገረ ገዥው አስቀድሞ አልተነገራቸውም። ከተያዙት አብዛኞቹን ኋላ ዳኞች በነፃ ለቀቋቸው። በ2014 በጥር ወር ደግሞ ፕሬዚዳንት ፔኛ ኔቶ አልፍሬዶ ካስቲዮ የሚባሉ ልዩ ኮሚሽነር ሾመው ወደ ሞሬሊያ ላኩ፤ የግዛቲቱን ጸጥታ የሚያዝዙ እርሳቸው ሆኑ፥ በሕዝብ የተመረጡት ፋውስቶ ቫዬሆም በዚያው ዓመት ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ምክር ቤቱ የዩኒቨርሲቲውን ኃላፊ ሳልቫዶር ሃራን በቦታቸው አስቀመጠ።

አገረ ገዥው ራሱ ጠባቂ ሲያጣ መንደሩ ለራሱ መጠበቅ ጀመረ። በ2013 በየካቲት ወር በቴፓልካቴፔክና በላ ሩዋና ገበሬዎች ጠመንጃ አንሥተው ዘብ ቆሙ፤ ይህ ነገር ብዙ ደም አፍስሶአል፥ ከዘበኞቹም መካከል ኋላ ወንበዴ የሆኑ አልጠፉም። ከዚያ በፊት በ2011 ሚያዝያ 15 ቀን ንጋት ላይ በፑሬፔቻዎች ከተማ በቼራን ሴቶች ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ ወጥተው ጫካቸውን ቈርጠው የሚያግዙትን የወንበዴዎች መኪናዎች አስቆሙ። ወንዶቹ ተከተሏቸው፤ በየመንገዱ ማእዘን እሳት ተነድዶ ለብዙ ወራት ሕዝቡ ተራ በተራ ሲጠብቅ አደረ። ፖሊሱንም ፓርቲዎቹንም አስወጡ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የአገሪቱ የምርጫ ዳኝነት ቼራን በአባቶቿ ልማድ ሹሞቿን ልትመርጥ መብት አላት ብሎ ፈረደ፤ በ2012 ከአራቱ ሰፈሮች ሦስት ሦስት ሆነው የተመረጡ 12 ሽማግሌዎች ከተማዪቱን ማስተዳደር ጀመሩ። ያ ጫካ መርካዶ ለኩባንያ የሰጡት፥ ካርዴናስ በ1931 ያስመለሱት ዓይነት ጫካ ነው።

በ2021 በጥቅምት ወር አልፍሬዶ ራሚሬዝ ቤዶያ አገረ ገዥ ሆኑ፤ ዘመናቸው በ2027 የሚፈጸም ነው። በ2025 ኅዳር 1 ቀን፥ የሙታን መታሰቢያ በዓል ሲከበር፥ የኡሩዋፓን ከተማ ከንቲባ ካርሎስ ማንሶ በአደባባይ በሕዝብ መካከል በጥይት ተገደሉ፤ ስለ ወንበዴዎቹ ጥበቃ እንዲጠናከር ደጋግመው ሲጠይቁ የቆዩ ሰው ነበሩ። በማግሥቱ በሞሬሊያ ቁጡ ሰልፈኛ የአገረ ገዥውን ቤተ መንግሥት በር ሰብሮ ገባ፥ ዕቃም አወደመ። ሳምንት ካለፈ በኋላ ፕሬዚዳንት ክላውዲያ ሼንባውም ስለ ሚቾአካን የተዘጋጀውን ዕቅድ በሜክሲኮ ከተማ አስታወቁ፤ ተጨማሪ ወታደርም ወደ ግዛቲቱ ተላከ።